ከቢስሚላህ በኋላ ያለው ውሃ



ለመሆኑ ዶሮ ስትገዙ ምን ምን ትጠይቃላችሁ? ዋጋዋን እንደምትጠይቁ አያጠራጥርም። በእጃችሁ አንስታችሁ ክብደቷን ትገምታላችሁ፤ ደረቷን ዳስሳችሁ ሥጋ እንዳላት ታያላችሁ። ታርዳ የምትገዟት ወይም ምግብ ቤት ገብታችሁ የምትበሏት ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ትጨምራላችሁ፦ «ማን ነው ያረዳት?» ይህ የሙስሊም ጥያቄ ነው። አባቶቻችን ጠይቀውታል፤ እኛም እንጠይቀዋለን፤ ኢንሻአላህ ልጆቻችንም ይጠይቁታል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት በዚህ ጥያቄ ላይ ሌላ ጥያቄ ልጨምርበት ብዬ ነው፦ ከታረደች በኋላ በምን ውሃ ታጠበች? ውሃውስ ከዚያ ወዴት ሄደ?

ጥያቄው ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ የሕፃናት ተቅማጥ ወደ ቤታችን ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ዘግተን የማናውቀው በር ነው።

የምኖረው ጭሮ ነው። ብዙዎቻችሁ አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟ የምታውቋት፣ ከአዋሽ በሚኤሶ በኩል አድርጎ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። በእኛ አገር እንደ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት በላስቲክ ታሽጎ በረዶ የሠራ ዶሮ መግዛት የለመደ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ዶሮ የምንገዛው ከነነፍሷ ነው። በገበያ ቀን የገጠር እናቶች ሁለት ሦስቱን እግር ለእግር አስረው፣ ቁልቁል አንጠልጥለው ይመጣሉ። ሂርናም ብትሄዱ፣ በዴሳና ገለምሶም ብትወርዱ የምታዩት ይህንኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የዶሮ እርባታን በየቤቱ የሚያበረታታ ስለሆነ፣ ዶሮና ሰው ከቀድሞው ይበልጥ እየተቀራረቡ ነው። ይህ በራሱ መልካም ነው። እንቁላልና ሥጋ ለልጆቻችን ያስፈልጋቸዋል።

ዶሮን ከነነፍሷ መግዛት ትልቅ ጥቅም አለው። ዓይኗ የፈዘዘውን፣ ላባዋ የቆመውን፣ ኩሷ የሚያስቀምጣትን አይተን እንተዋታለን። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በሬ ቄራ ገብቶ ሲታረድ ሥጋውን የሚያይና ማኅተም የሚመታ ባለሙያ አለ። ዶሮ ግን በየጓሮው፣ በየምግብ ቤቱ ጀርባ፣ በየአጥሩ ሥር ነው የምትታረደው። ማኅተም የሚመታባት የለም። የዶሮዋ መርማሪ እኛው ነን፤ የእኛም ምርመራ ቢላዋው ላይ ያበቃል።

አንድ የዒድ ዋዜማ በሰፈራችን ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንድ ጎልማሳ ወጣት አለ፤ ዲኑን የሚያውቅ፣ እጁ የቀና። ወንድ የሌለበት ቤት ሁሉ ዶሮውን ወደ እርሱ ይልካል። በዚያ ቀን ከንጋት ጀምሮ ያርዳል። አጠገቡ ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ግማሽ በርሜል ውሃ አለ። የታረደችው ዶሮ እዚያ ትነከራለች፣ ላባዋ ይነጫል፣ ከዚያ ሆድ ዕቃዋ ወጥቶ በጎን ባለው ባልዲ ትለቀለቅና ለባለቤቷ ትሰጣለች። ውሃው ሲጀመር ጥርት ብሎ ይፈላ ነበር። አሥረኛዋ ዶሮ ስትገባ ግን የቡና አተላ መስሏል። የባልዲውም ውሃ እንደዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዶሮ እንደገባ አልቆጠርኩም።

ጠጋ ብዬ ስለ ውሃው ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ቢስሚላህ ብያለሁ እኮ» አለኝ ቅር ብሎት። «ቢላዋውም ስለት ነው፤ ወደ ቂብላም አዙሬያታለሁ። ሌላ ምን ጎደለ?»

«ወንድሜ፣ እርዱማ ምንም አልጎደለውም። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ውሃው ነው» አልኩት።

በጀርባ እጁ ግንባሩን ጠራረገና «ውሃ በጀሪካን እየተገዛ፣ ለእያንዳንዷ አዲስ ውሃ ከየት ላምጣ?» ብሎ መለሰልኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ወጣት ሁለት እውነት ተናግሯል። እርዱ ሐላል መሆኑ አንድ እውነት ነው። ውሃ ውድ መሆኑ ሁለተኛው እውነት ነው። እኔ የማቀርበው ሦስተኛ እውነት አለ፤ እርሱም ቢስሚላህ ዶሮዋን ሐላል ያደርጋታል እንጂ አተላውን ውሃ ንጹሕ አያደርገውም የሚል ነው። ስሙን የጠራነው ጌታ ሥጋዋን ፈቀደልን፤ ንጽሕናዋን ደግሞ በእጃችን ላይ አማና አድርጎ ተወልን።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቁርአን በአል-በቀራ፣ በአል-ማኢዳ፣ በአል-አንፋልና በአን-ነሕል ሱራዎች ስለምንበላው ሲናገር ሐላል የሚለውን ቃል ጠይብ ከሚለው ጋር አጣምሮ ያነሳል። እኛ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ሰምተን፣ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ረስተነዋል። ቀደምቶቻችን አልረሱትም። ነጃሳ የለመደ እንስሳ በፊቅህ ጀላላ ይባላል፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እርሱን ከመብላት ከልክለዋል። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) እንዲህ ያለችውን ዶሮ ሦስት ቀን አስረው ንጹሕ ነገር እየመገቡ ያቆዩዋት እንደነበር ተዘግቧል። በሌላ በኩል ደግሞ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ዘንድ የዶሮ ሥጋ በቀረበ ጊዜ አንድ ሰው ዶሮ ቆሻሻ ስትበላ አይቻለሁ ብሎ ቢሸሽ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲበሉ ማየታቸውን ነግረው ወደ ማዕዱ እንደጠሩት በቡኻሪ ሰፍሯል። ከሁለቱ የምንማረው መካከለኛውን መንገድ ነው። ዶሮን አንጸየፍም፤ ንጽሕናዋንም ቸል አንልም።

ስለ ፈላ ውሃውም ቢሆን ዑለሞች ዝም አላሉም። ሆድ ዕቃዋ ሳይወጣ፣ ደሟ ሳይታጠብ በፈላ ውሃ የምትነከር ዶሮ ጉዳይ በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ለዘመናት የተወያዩበት መስአላ ነው። እነዚያ ሰዎች ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም። የውሃውን ነገር ግን ጠይቀዋል።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ እንምጣ። በዶሮ አንጀት ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይኖራል። ሰውን በማሳመም የታወቁት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ናቸው። ሳልሞኔላ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ከዳንኤል ሳልሞን ነው። ካምፒሎባክተር ደግሞ ጠምዘዝ ያለ ቅርጽ ያለው ነው። እነዚህ ተህዋስያን ዶሮዋን ራሷን ብዙውን ጊዜ አያሳምሟትም። ዓይኗ የበራ፣ ላባዋ የሚያብረቀርቅ ዶሮ ሆዷ ሙሉ ይዛቸው ትዞራለች። ስለዚህ በገበያ ላይ ዓይታችሁ ልትለዩት አትችሉም።

በርሜሉ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ዶሮዋ ከነእግሯና ከነላባዋ ስትነከር በላይዋ ያለው ኩስ ወደ ውሃው ይገባል፤ ከአንጀቷም የሚፈስ አለ። ውሃው ዶሮ በገባበት ቁጥር እየቀዘቀዘ ስለሚሄድና ዶሮዋም ጥቂት ብቻ ቆይታ ስለምትወጣ ሙቀቱ ተህዋስያኑን ሁሉ አይገድልም። እንዲህ ሆኖ አንዲት ዶሮ የያዘችው ለተከታዮቿ ሁሉ ይዳረሳል። እናንተ ንጹሕ ቤት ያደገች ዶሮ ብትልኩም የምትመለስላችሁ የሰፈሩን ሁሉ ይዛ ነው።

በአገራችን ይህ ነገር ተጠንቷል። አዲስ አበባና ደብረ ዘይት ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ ጥሬ ሥጋ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። 540 ናሙናዎች ነበሩ። ካምፒሎባክተር ከበሬ ሥጋ በ6.2 በመቶው ሲገኝ፣ ከዶሮ ሥጋ በ21.7 በመቶው ተገኝቷል። ከአምስት ዶሮ አንዷ ማለት ነው። ይህ የድሃ አገር ነውር እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር የምግብ ደረጃ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2015 ድረስ በሱቅ የሚሸጥ ትኩስ ዶሮ ሲመረምር 73 በመቶው ላይ ይህንኑ ተህዋስ አግኝቷል። ማቀዝቀዣና ፋብሪካ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ጥሬ ዶሮን ሁሉ ተህዋስ እንዳለባት ቆጥሮ መያዝ ብልህነት ነው።

«ታዲያ እኛ ዕድሜ ልካችንን በልተን ምን ሆንን?» የሚል አይጠፋም። መልካም ጥያቄ ነው። የዳንነው በእሳቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሥጋ እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ተህዋስያኑ እንደሚሞቱ ያስተምራል። የእናቶቻችን ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱ በስሎ፣ ዶሮዋ ገብታ ረጅም ጊዜ የሚንተከተክ ስለሆነ ከዚህ በእጅጉ ያልፋል። ወጣችን ንጹሕ ነው። አደጋው ያለው ከድስቱ በፊት ነው፤ በሳፋው፣ በመክተፊያው፣ በቢላዋውና በእጃችን።

እስቲ የራሳችሁን ማድ ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ዶሮዋ ሳፋ ውስጥ በሎሚና በጨው ትታጠባለች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ፣ ውሃው እስኪጠራ። ሎሚና ጨው ሽታውን ያጠፋል፣ ልጋጉን ያነሳል፤ ተህዋሱን ግን አይጨርሰውም። በየእጥበቱ ውሃው ወደ ግድግዳው፣ ወደ ልብሳችን፣ አጠገብ ወዳለው ዕቃ ይረጫል። ዶሮዋ የተገነጠለችበት መክተፊያ በውሃ ለቅለቅ ይደረግና ለሰላጣው ቲማቲምና ቃሪያ ይቆረጥበታል። ቲማቲሙ እሳት አያይም። ያው ሳፋ ደግሞ ሲመሽ ሕፃኑ ይታጠብበታል። ከካምፒሎባክተር ጥቂት መቶዎቹ ሰው ለማሳመም ይበቃሉ፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ይህን ያህል ልትይዝ ትችላለች።

ሌላም የሚያታልለን ነገር አለ። የሳልሞኔላ ሕመም ከጥቂት ሰዓት እስከ ሦስት ቀን፣ የካምፒሎባክተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ልጁ በዒድ ማግሥት ቢታመም ዶሮዋን እንጠረጥር ነበር። በአራተኛው ቀን ትኩሳትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘው ግን «ጥርስ ሊያወጣ ነው»፣ «ብርድ መታው»፣ «ዓይን ነው» እንላለን። ጥፋተኛው ሳፋ ታጥቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ስለ ልጆች ካነሳሁ ቅርባችን ያለውን ልንገራችሁ። ከእኛ ወደ ሐረር ሲኬድ በዚሁ መንገድ በሚገኘው በሐረማያ ወረዳ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ጥቂት ያለፈ 102 የገጠር ሕፃናትን አጥንቶ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በተለመደው የዘረመል ምርመራ ከሕፃናቱ ግማሽ በሚሆኑት ሰገራ ውስጥ ካምፒሎባክተር ተገኝቷል። ከአሥሩ አራቱ ገደማ ደግሞ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ፣ የቀነጨሩ ነበሩ። ጥናቱ ጥፋቱን በዶሮ ብቻ አላሳበበም። በቤታችን ላምም፣ ፍየልም፣ ዶሮም ከሰው ጋር ያድራሉ፤ ለመቀንጨርም ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን በአፈር ወለል ላይ የሚድህ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ እንደሚወስድ እናት ሁሉ ታውቃለች። ዶሮ የነካችውን መሬት፣ ዶሮ የታጠበችበትን ውሃ ከእርሱ ማራቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በእንግሊዝ አገር ያው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ሕዝቡን ጥሬ ዶሮ ጨርሶ አትጠቡ ሲል መክሯል። የእነርሱ ዶሮ በፋብሪካ ተነጭታና ተጠርጋ ስለምትመጣ ይሆንላቸዋል። በጓሮ ታርዳ በጓሮ የተነጨች ዶሮ ግን አለመታጠብ አትችልም፤ ደሙንም ማጽዳት ግዴታችን ነው። ስለዚህ አስተጣጠባችንን እናስተካክል።

አንደኛ፣ ለዶሮ የሚሆን ሳፋና መክተፊያ ለብቻው ይሁን፤ ሕፃን አይታጠብበት፣ ሰላጣ አይከተፍበት። ሁለተኛ፣ ውሃው ከጆግ ዝቅ ተደርጎ በቀስታ ይፈሰስ፤ አይረጭ። ሌላ ምግብ፣ የመጠጥ ውሃና ሕፃን በአጠገቡ አይኑር። ሦስተኛ፣ እጣቢው ልጆች ከሚጫወቱበት፣ ዶሮዎችም ከሚጭሩበት ቦታ ርቆ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋ። አራተኛ፣ ሥራው ሲያበቃ ሳፋው፣ ቢላዋውና መክተፊያው በሳሙና ታጥበው የፈላ ውሃ ይፍሰስባቸው፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ሳሙና ለዶሮዋ ሳይሆን ለእጃችን ነው። አምስተኛ፣ ሰላጣው አስቀድሞ ይከተፍና ይከደን፤ ዶሮዋ ከእርሱ በኋላ ትምጣ። ስድስተኛ፣ የታረደች ዶሮ ቶሎ ወደ እሳት ትሂድ፤ የበሰለውም ከሁለት ሰዓት በላይ ማቀዝቀዣ ሳይገባ አይቆይ፤ ያደረ ወጥ እስኪፈላ ይሞቅ። ዕቃን መክደን፣ ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እጁን ሳይታጠብ ወደ ውሃ ዕቃ አለማስገባት፣ እነዚህ ሁሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን አደቦች መሆናቸውን አትርሱ።

የጋራ ዕርድን በተመለከተ እኛ ሰፈር የተስማማንበትን ልንገራችሁ። ዶሮ የሚልክ ቤት ከዶሮዋ ጋር አንድ ጀሪካን ውሃ አብሮ ይልካል። ዶሮዋ እዚያ ትታረዳለች፤ መንጨቱና ማጠቡ ግን በባለቤቷ ውሃና በባለቤቷ ዕቃ ነው። አራጁም ከዶሮ ዶሮ ቢላዋውን በፈላ ውሃ ያልፍበታል። ወጣቱ መጀመሪያ ሥራ የበዛበት መስሎት ነበር። በኋላ ግን በርሜል መሙላትና እንጨት መማገድ ስለቀረለት የቀለለው እርሱ ነው። ውሃ የመግዛቱም ዕዳ ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ ለሁሉም ተዳረሰ።

ምግብ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጉዳይ እናንተን ይበልጥ ይመለከታል። በሐረር መንገድ የሚወርድ መንገደኛ «ሐላል» የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቦ፣ አምኗችሁ ይቀመጣል። ጀርባ ያለውን ባልዲ አያይም። አሮስቶ የምትጠብሱ ከሆነ አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ቀይነቱ ሳይጠፋ አታውጡ። ጥሬ ዶሮ የነካ እጅ ዳቦ አያቅርብ። እንግዳው በማግሥቱ ድሬዳዋ ወይም ጅጅጋ ስለሚሆን በአራተኛው ቀን ቢታመም ተመልሶ አይከሳችሁም። አማና የሚፈተነው ከሳሽ በሌለበት ቦታ ነው።

እኛ ተመጋቢዎችም ድርሻ አለን። «ማን ነው ያረዳት?» ብለን ስንጠይቅ ቅር የሚሰኝ ባለ ምግብ ቤት የለም። እንዲያውም ከመጠየቃችን በፊት መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀናል፤ ጠያቂ እንዳለ ያውቃልና። በሐረርጌ ከተሞች የእርድ ነገር ጸንቶ የቆየው ፖሊስ ስለቆመበት አይደለም፤ አያቶቻችን ሳይታክቱ ስለጠየቁ ነው። የውሃውንም ነገር እንደዚሁ ሳናፍርና ሳንቆጣ፣ በመልካም አንደበት ብንጠይቅ፣ ከጥቂት ዒዶች በኋላ እርሱም መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። በሚቀጥለው ጊዜ ዶሮ ስትገዙ፣ አራጁ ማን እንደሆነ ከጠየቃችሁ በኋላ አንዲት ቃል ጨምሩ፦ «ውሃውስ?»

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላሉንም ጠይቡንም አንድ ላይ ይወፍቀን፤ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።